ባውክየ ባሕር ማዶ ከረመች

ኩሻዳሲ፣ ቱርክ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1997

ለተከበሩ ዋርሳዬ፣ ለወንድም ሃርመን ፖስትማ
ማኩም

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም ባለቤትዎን እህቴን ትሬንንም በደህና ያግኛችሁ። እኔ ከጉንፋን በቀር ምንም አልሆንኩም። ባውክየም ደህና ናት፤ ለእርስዎ ስጽፍ ከእኔ ጤና ይልቅ የጀልባዋን ማስቀደም እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ አይቆጡኝ።

በመጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። በኦክቶበር መጀመሪያ ስንለያይ «ሁለት ሳምንት ብቻ፤ የሟች ባለቤቴን የሹርድን ልብሶች ሰብስቤ፣ ጀልባዋን ቆልፌ እመለሳለሁ» ብዬ ነበር። ይኸው አምስተኛ ሳምንቴን ያዝኩ። ልብሶቹን ሰብስቤያለሁ። ጀልባዋን ግን አልቆለፍኳትም። ሦስት ጊዜ ቁልፉን አንስቼ ሦስት ጊዜ መልሼ ሰቀልኩት። ስለዚህ ወሬውን ከሌላ ሰው ከምትሰሙ ከእኔው ስሙት፤ ክረምቱን እዚሁ ጀልባዋ ላይ ልከርም ነው።

አብዳለች እንዳይሉ፣ ያበድኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። በዚህ የጀልባ ማቆሚያ ከአርባ በላይ ጀልባዎች ሰው ይዘው ይከርማሉ። እንግሊዝ አለ፣ ጀርመን አለ፣ ከኒውዚላንድ ድረስ የመጡ ባልና ሚስት አሉ። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችንም የጀልባችንን ራዲዮ እንከፍታለን። ዶሪን የምትባል ጡረታ የወጣች እንግሊዛዊት አስተማሪ ስም ትጠራለች። የምትጠራው የሰውን ስም ሳይሆን የጀልባውን ነው። «ባውክየ?» ስትል «አለሁ» እላለሁ። ከዚያ የአየሩ ጠባይ ይነገራል፤ ማን ወደ ገበያ እንደሚሄድ፣ የማን ፓምፕ እንደተበላሸ፣ ማን ትርፍ ቱቦ እንዳለው ይወራል። እዚህ ሚንከ ብሎ የሚጠራኝ የለም። የእናታችሁን ስም ይዤ ገበያ ለገበያ እዞራለሁ።

የሚያስቸግረው ርጥበቱ ነው። ሌሊት የተነፈስኩት ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ያድርና ጠዋት መልሶ አናቴ ላይ ይንጠባጠባል። ይህም ይለመዳል። ከቤት የሚያምረኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወፍራም የሱፍ ካልሲና ያ ጥቁር ጨዋማ ከረሜላ። እዚህ ሰዎቹ ለአፍ የማያውቁት ነገር የለም፤ እሱን ብቻ አያውቁትም።

ጀልባዋን ስለመሸጥ ያነሱትን አልረሳሁም። እስከ ጸደይ ይታገሱኝ። ብቻዬን ሸራ ዘርግቼ ልነዳት ከቻልኩ ትኑረኝ። ካልቻልኩ ትሸጥ። እኔ የምለው ይኸው ነው።

አክባሪዎ
ሚንከ

ማኩም፣ ሆላንድ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1997

ለእህቴ ለሚንከ፣
ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ነው።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበውም ያው ሆነብኝ። ጀልባ ሰው የሚከርምበት ቤት አይደለም። የሠራኋት እኔ ነኝ፤ ግድግዳዋ ስንት ጣት እንደሚወፍር አውቃለሁ። ባልሽ ከሞተ ገና አራተኛ ወሩ ነው፤ ቦታሽ እዚህ ከዘመዶችሽ ጋር ነው። ነይ ወደ ቤትሽ።

ገዢ ተገኝቷል። የስኔክ ከተማ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ጨዋ ሰው ይመስላል። ባውክየን ሹርድና እኔ ስንሠራት ጀምሮ ያውቃታል። እንደምታውቂው ግማሿ የእኔ ናት፣ ግማሿ የሹርድ ነበረች፤ አሁን ያንቺ ናት። ሁለታችንም ካልፈረምን አትሸጥም። እኔ ፈርሜያለሁ፤ ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለልሽ። ሰውየው እስከ ማርች መጨረሻ ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ጀልባ ይገዛል።

እስከዚያው በሥርዓት እሰሪያት። አስተማሪዋ ስም ስትጠራ «አለሁ» ማለት ገመድ አያጠብቅም። በአራቱም ማዕዘን አጭር አድርገሽ፣ ወጥረሽ፣ አንድ ጣት ያህል እንኳ እንዳትንቀሳቀስ አድርገሽ እሰሪያት። የምትወዛወዝ ጀልባ ትፋተጋለች፤ የምትፋተግ ጀልባ ትላጣለች። አባታችን እንዲህ ነበር የሚያስረው፤ እኔም ሃምሳ ዓመት ያሰርኩት እንዲሁ ነው።

ሃርመን

ትሬን ነኝ። ካልሲውን ልኬልሻለሁ። በካልሲው ውስጥ ከረሜላ አለልሽ፤ ሃርመን የፖስታ ክብደት ስለሚያስብ አልነገርኩትም። ሽማግሌው ደብዳቤሽን ያነበበው ሁለት ጊዜ አይደለም፤ አምስት ጊዜ ነው። ቆጥሬያለሁ።

ኩሻዳሲ፣ ዲሴምበር 14 ቀን 1997

ለተከበሩ ወንድሜ ለሃርመን፣
ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ የልደትን በዓል በደስታ ያድርግላችሁ። ጉልበትዎን ትሬን በፍላኔል ትጠቅልልልዎ፤ እምቢ አይበሉ።

ካልሲው ደረሰኝ፣ ሌላውም ነገር ደረሰኝ፤ ትሬን ታውቃለች።

ገመዱን እንዳሉኝ አድርጌ አሰርኩ። ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ምክንያቱም እዚህ ማንም እንዲህ አያስርም። ማቆሚያው ላይ ገመድ የሚቀበለን ሩስተም የሚባል ሰው አለ። ጀርመን አገር፣ ኮሎኝ መኪና ፋብሪካ ዐሥር ዓመት ስለሠራ በጀርመንኛ እንግባባለን። አጠገቤ መጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

«እህት ዓለም፣ ይህን ማን መከረሽ?»

«የባለቤቴ ወንድም። ጀልባዋን የሠራት እሱ ነው።»

«የት አገር ነው ያለው?»

«ሆላንድ፤ ሰሜኑ ጫፍ።»

«እዚያ ያለው ባሕር ነው?»

«ቦይ ነው። ሐይቅም አለ።»

«ቦዩ ይተነፍሳል?»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝምና ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «የእኛው ይተነፍሳል። ሎዶስ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ሲመጣ ወደብ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይቀር ከፍ ዝቅ ይላል። ገመድ ረዘም ብሎ መላላት አለበት» አለኝ። የሠራት ሰው ያውቃታል አልኩት። «እንግዲህ በሠሪው ሥራ እጄን አላስገባም» ብሎ ሄደ። ቅር ሳይለው አልቀረም። እኔ ግን የእርስዎን ቃል ይዣለሁ።

ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ገና አልፈረምኩም፤ እስከ ማርች ጊዜ አለኝ ብለውኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔና ሹርድ ባውክየን ይዘን ከማኩም በወጣን ዕለት እሱ ሊሰናበትዎ ሥራ ቤትዎ ገብቶ ሲወጣ ፊቱ ልክ አልነበረም። ምን እንደተባባላችሁ እስኪሞት አልነገረኝም። በቀብሩ ዕለት ደግሞ ከመቃብሩ አጥር ውጪ ቆመው አየሁዎት። ያኔ ልጠይቅ ብል አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ በጽሑፍ ይቀለኛል። ምን ሆነው ነው?

አክባሪዎ
ሚንከ

ማኩም፣ ጃንዋሪ 3 ቀን 1998

ለእህቴ ለሚንከ፣
አዲሱ ዓመት የበረከት ይሁንልሽ።

ዘንድሮ ቦዩ በረዶ አልሆነም። ሰው ሁሉ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን ስለት ስሎ በመስኮት ያያል። የጥርስ ሐኪሙ በበዓሉ ማግስት መጥቶ ነበር። ፈርመሽ ላኪው። ገመዱን እንደነገርኩሽ ማሰርሽ ጥሩ ነው።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሃርመን

ትሬን ነኝ። ጥያቄሽን አንብቦ ሥራ ቤቱ ገባና እስከ ምሳ አልወጣም። እኔም ሠላሳ ጊዜ ጠይቄው አልነገረኝም። አትቀየሚው።

ኩሻዳሲ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1998

ለተከበሩ ወንድሜ ለሃርመን፣
እንደምን ከርመዋል? እኔ ደህና ነኝ፤ ሁሉም ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት ትንሽ ነፋስ ነበር፤ አሁን ጸጥ ብሏል።

እንዲያው ለማወቅ ያህል አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በስተኋላ በኩል፣ የገመድ ማሰሪያው ብረት ከተተከለበት ሳንቃ ሥር ምን አለ? ሌላ እንጨት ደርባችሁበታል ወይስ ሳንቃው ብቻ ነው? ቡሎኖቹስ ምን ያህል ይረዝማሉ? ንድፉ በእጅዎ ካለ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

ጽሕፈቴ ለተበላሸበት ይቅርታ። በግራ እጄ እየጻፍኩ ነው፤ ቀኙ ትንሽ ደክሞታል።

ሚንከ

ማኩም፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1998

ሚንከ፣
ሰባ አምስት ዓመቴ ነው፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል የቡሎን ርዝመት የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። እጅሽን ምን አገኘው? እውነቱን ጻፊልኝ።

ሃርመን

ኩሻዳሲ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1998

ለተከበሩ ወንድሜ ለሃርመን፣
ሰላም ለእርስዎና ለትሬን ይሁን። እውነቱን ከጠየቁኝ ልጻፍልዎ። ከጻፍኩ በኋላ ግን ራስዎን እንዳይወቅሱ አስቀድሜ እለምናለሁ።

ጃንዋሪ 14 ቀን ጠዋት፣ የራዲዮው ስም ጥሪ ገና እንዳለቀ ሎዶስ ገባ። ነፋሱን እኛም አገር እናውቀዋለን። እኔ የማላውቀው ውሃውን ነበር። ወደቡ ሳይናወጥ፣ ማዕበል ሳይታይበት፣ ውሃው እንዳለ ይነሳል፣ ይወርዳል። ዙሪያዬን ያሉት ጀልባዎች በላላ ገመዳቸው አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ባውክየ ብቻ ልነሳ ስትል ገመዱ አፍኖ ይመልሳታል። በአጭር ገመድ የታሰረች ጊደር እንዴት አንገቷን እንደምትመነጭቅ ያውቃሉ፤ እንዲያ ሆነች። ገመዱን ላላላ ወጣሁ። ተወጥሮ እንደ ብረት ደርቋል፤ አልፈታ አለኝ። እየታገልኩ ሳለ የቀኙ ማሰሪያ ብረት ከነሳንቃው ተነቅሎ ወጣ። ክንድ ተኩል የሚሆን ወለል ይዞ ነው የሄደው። ባውክየ ዞራ የጎረቤቴን ጀልባ ልትመታ ስትል ገመዱን በእጄ ያዝኩት። ሞኝነት ነው፤ ሰባት ቶን በእጅ አይያዝም። የቀለበት ጣቴ ተሰበረ።

ራዲዮው ጋ ደርሼ ምን እንደምል ጠፋኝ። «ባውክየ! ባውክየ!» ብቻ አልኩ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዐሥራ አንድ ሰው ደረሰልኝ፤ ግማሹ ቦት ጫማ በፒጃማ ነው። ዶሪን በሰባ ዓመቷ በደረቷ ተኝታ ጀልባዎቹ መሃል የጎማ መከለያ ስትከት አየኋት። ሩስተም የቀሩትን ሦስት ገመዶች በመጥረቢያ ቆርጦ ረጃጅም ገመድ ተካ። «ብዬሽ ነበር» ቢለኝ ይቀለኝ ነበር። አላለኝም። ሐኪም ቤት ወስዶኝ እስከ ማታ ከውጪ ጠበቀኝ። ጣቴ አብጦ ስለነበር የጋብቻ ቀለበቴን በመጋዝ ቆረጡት። ከሹርድ ቀብር ወዲህ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል። ይህን የምጽፈው እርስዎን ለመውጋት አይደለም። ሩስተም ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማ ያልኩት እኔ ነኝ። የእርስዎ ቃል የቦዩ ቃል መሆኑን ማሰብ የነበረብኝም እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። በጸደይ ብቻዬን ልነዳት ነበር ሐሳቤ። ወደብ ውስጥ በአራት ገመድ ያልያዝኳትን ጀልባ በባሕር መሃል ምን ላደርጋት ነው? ለጥርስ ሐኪሙ ስብራቱን አስቀድመው ይንገሩት።

ሚንከ

ኩሻዳሲ፣ ማርች 14 ቀን 1998

ለተከበሩ ወንድሜ ለሃርመን፣
የፈረምኩት ወረቀት ደርሶዎት ይሆን? ወር አለፈ፤ ከእርስዎም ከትሬንም ቃል የለም። ታመው እንዳይሆን ፈርቻለሁ። ተቀይመውኝም ከሆነ መቀየምዎን ይጻፉልኝ፤ እሱም መልስ ነው።

ጣቴ ድኗል፤ ትንሽ ብቻ ጎብጧል። የተቀደደውን ወለል በሸራ ሸፍኜዋለሁ። ዝናብ ሲመጣ ባልዲ አስቀምጣለሁ።

ሚንከ

ማኩም፣ ማርች 17 ቀን 1998

እህቴ ሚንከ ሆይ፣
ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ምናልባት ሃርመን ራሱ ቀድሞት ደርሶ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት በባቡር ተሳፍሯል። አዎ፣ ያ ለአምስተርዳም እንኳ «ሩቅ ነው» የሚለው ሃርመን! አውሮፕላን አልሳፈርም አለ። ትክክለኛው ምክንያት ግን ሳንቃው ነው፤ በአውሮፕላን አይገባለትም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ደብዳቤሽ የመጣ ቀን ምሳውን አልበላም። ማግስቱን የሥራ ቤቱ ጣሪያ ሥር ወጣና አባቱ ያደረቀውን የባሉጥ እንጨት አወረደ። ያንን እንጨት ለማንም ሰጥቶ አያውቅም፤ ለሬሳ ሣጥኔ ነው ይል ነበር። ከዚያ በኋላ ሲሰነጥቅ፣ ሲልግ፣ በሹርድ የድሮ ንድፍ ሲለካ አንድ ወር ሙሉ ሰነበተ። ጻፍላት ብለው «እንጨት ይዤ ስደርስ ታየኛለች» ይለኛል። እኔ ልጻፍላት ስል ደግሞ «ቃል ተናግሬ ነው ይህ ሁሉ የመጣው፤ አሁን ቃል ይብቃ» ብሎ ተቆጣ። ባቡሩ እስኪነሳ ጠብቄ ይኸው ጻፍኩልሽ።

የአምስት ቀን ዳቦና አይብ ቋጥሬለታለሁ፤ ቱርክ አገር ምግብ ያለ አይመስለውም። አደራሽን፣ ጉልበቱን እይልኝ። ሲያለቅስ ብታይው ያላየሽ ምሰይ።

ትሬን

ኩሻዳሲ፣ ማርች 30 ቀን 1998

ለውድ እህቴ ለትሬን፣
ሰላምሽ ይብዛ። ባልሽ በሰላም ደርሷል፤ ዳቦውም አይቡም አላለቀም።

ማርች 22 ቀን፣ እሑድ፣ ከገበያ ስመለስ ከሩቅ አየሁት። የባሉጡን ሳንቃ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎ ከባውክየ ፊት ለፊት ቆሟል። ሩስተም አጠገቡ ሆኖ በእጁ «ግባ፣ ግባ» ይለዋል፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ከቆመ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ለምን አልገቡም ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ባለቤቷ ሳትጠራኝ የሰው ጀልባ ላይ ልውጣ?»

እዚህ ከአርባው ጀልባ አንዱም ላይ ሳይጠሩ አይወጣም፤ የሁላችንም ሕግ ነው፣ የእናንተም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን የባውክየ ግማሽ የሱ ናት! በራሱ ጀልባ ደጅ ላይ ሁለት ሰዓት ቆመ። «ይግቡ፣ ወንድሜ» አልኩት። ጫማውን አውልቆ ወጣ።

የተቀደደውን ወለል ሲያይ ተንበርክኮ በመዳፉ ዳሰሰው። ማግስቱን ሥራ ጀመረ። ከሩስተም ጋር የሚግባቡበት ቋንቋ የላቸውም፤ ግን ቀኑን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ። ሩስተም በእጁ ውሃው እንዴት እንደሚነሳ ያሳየዋል፤ ሃርመን በእርሳስ ሳንቃው ላይ ይስላል። በሦስተኛው ቀን ሃርመን ወደ እኔ ዞሮ «ንገሪው። ሃምሳ ዓመት ጀልባ ሠርቻለሁ፤ ባሕር ግን አላውቅም በይው» አለኝ። ተረጎምኩለት። ሩስተም ሄዶ ሻይ ይዞለት መጣ።

ስቀንም እናውቃለን። በየጠዋቱ ከአልጋው ሲነሳ ግንባሩ ከጣሪያው ተሸካሚ ጋር ይጋጫል። «ይህን ማን ነው እንዲህ ዝቅ አድርጎ የሠራው?» ብሎ ጮኸ። «እርስዎ ነዎት» አልኩት። «ሹርድ ነው» አለ።

ያንን ያልነገረሽንም ነገር ነገረኝ፤ ከሱ እንደሰማሁት ልጻፍልሽ። በወጣን ዕለት ሹርድን «ይቺን ጀልባ የሠራናት ለቦይ ነው። ባሕር ላይ ይዘሃት ብትወጣ እኔ ቀብርህ ላይ አልቆምም» ብሎት ኖሯል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሊመልሰው ፈልጎ ኩራቱ ያዘው። ሹርድን የገደለው ልቡ ነው፤ የሞተውም ሐኪም ቤት፣ ንጹሕ አንሶላ ላይ ነው። ባሕሩም ጀልባዋም ምንም አላደረጉትም። ሃርመን ግን ያችን ቃል ይዞ አጥር ውጪ ቆመ። «ቃሌን ጠበቅሁ። እንዲህ ያለ ቃል የሚጠብቅ ደንቆሮ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ከዚያ ደግሞ ለአንቺ ገመድ አሳጥሪ ብዬ ጻፍኩ። አንዱን በቃሌ አሳዘንኩ፣ አንዷን በቃሌ ልገድል ነበር።»

ሹርድ ያንን ንግግር ከቁም ነገር ቆጥሮት እንደማያውቅ ነገርኩት። እውነቴን ነው። ከሲሲሊ ወዲህ ማዕበል በመታን ቁጥር «አይዞሽ፣ ሃርመን ነው የሠራት» ይለኝ ነበር። ይህን ስነግረው ያላየሁ መስዬ ሻይ ላፈላ ገባሁ፤ አደራሽን ጠብቄያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ዶሪን «ባውክየ?» ስትል መነጋገሪያውን ሰጠሁት። እናቱን የጠሩበት ያህል ደንግጦ ተነሳና ግንባሩን ተጋጨ። ከዚያ በእኛው ቋንቋ «አለች። ድናለች» አለ። ማንም አልገባውም፤ ግን አርባውም ጀልባ የራዲዮውን ቁልፍ ጠቅ ጠቅ አደረጉለት። እዚህ የሚጨበጨበው እንዲህ ነው።

ስለ ሽያጩ ወረቀት አላነሳም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ማርች ነገ ያልቃል። ወለሉ ሲጠነክር እያየሁ ለጥርስ ሐኪም የሚጠገን እንዳይሆን እፈራለሁ።

ሚንከሽ

ኩሻዳሲ፣ አፕሪል 26 ቀን 1998

ለተከበሩ ወንድሜ ለሃርመን፣
በሰላም ቤትዎ እንደገቡ ትሬን ስለጻፈችልኝ አምላክን አመሰገንኩ። ከሄዱ ወዲህ በየጠዋቱ ዶሪን «አናጢው ደህና ገባ?» እያለች ትጠይቃለች። እዚህ ሳሉ ለጎረቤቶቼ የሠሩላቸው በሮችና መሳቢያዎች ሁሉ ይዘጋሉ፤ የኒውዚላንዶቹ ብቻ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እሱም ዘይት ስላልቀቡት ነው።

የምሥራች አለኝ። ትናንት ብቻዬን ወጣሁ። ማንም አብሮኝ አልነበረም። ከወደቡ ወጥቼ ሸራውን ዘረጋሁ። እስከሚቀጥለው የመሬት ጫፍ ድረስ ሄጄ ዞርኩ። ስመለስ ሩስተም ገመድ ሊቀበለኝ ቆሞ ነበር፤ አልፈለግሁትም፤ ራሴ አሰርኩ። እሱም ገመዱን አየና «አሁን ገና ባሕርተኛ ሆንሽ» ብሎኝ ሄደ። እኔ ሚንከ፣ ስድሳ አንድ ዓመቴ፣ ጣቴ ጎባጣ፣ ብቻዬን ነዳኋት! እስካሁን አልተኛሁም፤ ደስታው አላስተኛኝም።

አሁን መልስ ይስጡኝ። ባቡር ጣቢያ ስንሰናበት አንድ ነገር ሊሉኝ ፈልገው ተውት። የጥርስ ሐኪሙ ምን አለ? ወረቀቱ በእጁ ከገባ አልቆጣም፤ የፈረምኩት እኔው ነኝ። የእሱ ከሆነች እንደ አደራ ዕቃ ተጠንቅቄ አመጣታለሁ። የእኛው ከሆነችም እርስዎ ከመጀመሪያው የሚሉት ወደ ቤት ነይ ነውና፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተነስቼ አቅጣጫዬን ወደ ማኩም አደርጋለሁ። በግሪክ፣ በጣሊያን፣ በፈረንሳይ ቦዮች አድርጌ በሚመጣው ዓመት መከር ከመስኮትዎ ሥር አስራታለሁ። ይህን ያህል ውለታ አለብኝ። እስከ ሜይ አጋማሽ መልስዎን እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ
ሚንከ

ማኩም፣ ሜይ 6 ቀን 1998

ለእህቴ ለሚንከ፣
ጸጋና ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን። ጉልበቴን ተይው።

ብቻሽን መውጣትሽን ለትሬን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ከዚያ ለጎረቤት አነበብኩለት። ከዚያ ፖስታ የሚያመጣው ሰው ቆሞ ነበርና ለእሱም አነበብኩለት። ደብዳቤውን ያመጣው እሱ ስለሆነ ማወቅ መብቱ ነው።

ጣቢያው ላይ ልነግርሽ ጀምሬ ሻንጣዬን አንስቼ ባቡሩ ላይ ወጣሁ። የፈረምሽው ወረቀት ለጥርስ ሐኪሙ አልደረሰም። የመጣ ዕለት ኪሴ ውስጥ ከትቼ እስከ ኩሻዳሲ ይዤው ሄጃለሁ፤ ይዤውም ተመልሻለሁ። ደጅሽ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሜ ሳለሁ እኔ ልሸጣት የምችል ሰው እንዳልሆንኩ ገብቶኛል። ማርች 31 ቀን ከሩስተም ቢሮ ለሐኪሙ ስልክ ደወልኩለት። «አትሸጥም፤ ባለቤቷ ትነዳታለች» አልኩት። «ማን ናት ባለቤቷ?» አለኝ። ስምሽን ነገርኩት። ትናንት ከውል አዋዋዩ ቢሮ ሄጄ የእኔንም ግማሽ በስምሽ አዛውሬያለሁ። እንዳትከራከሪኝ፤ ተፈርሟል።

ትሬን «ታዲያ ይህን ለማለት ስድስት ሳምንት ምን አስጠበቀህ?» ትለኛለች። እንዲህ ያለውን ነገር ቀስ እያልኩ ነው የምማረው።

ስለ መመለስሽ የጻፍሽውን አነበብኩ። እውነት ነው፣ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ ነይ፣ ነይ ስልሽ ነበር። ፈርቼ ነው። ወንድሜ በሄደበት ቀረ፤ አንቺም በሄድሽበት እንዳትቀሪ ፈራሁ። ፍርሃቴን ምክር አስመስዬ ስልክልሽ ከረምኩ። አሁንም አልፈራም ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን ነፋስ ባየሁ ቁጥር ከሥር ያለው ሳንቃ ምን እንደሆነ አስባለሁና እተኛለሁ።

ውለታ የለብሽም። ወደ መስኮቴ ሥር ልታመጫት ብለሽ መንገድሽን አታሳጥሪ። ማኩም የትም አይሄድም፣ እኔም ለጊዜው የትም የመሄድ ሐሳብ የለኝም። እዚያ ደሴት በደሴት ላይ ነው አሉ። ደስ ያለሽ ቦታ ቁሚ፣ ደስ ካላለሽ ተነሺ፣ ጽፈሽ ንገሪኝ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ የምትከርሚበትን ወደብ ምረጪና ለትሬን ንገሪያት፤ ካልሲ ልትልክ ነው፤ ምናልባትም ካልሲውን ይዘን እኛው እንመጣለን።

ስለዚህ እህቴ፣ ቶሎ አትምጪ።

ወንድምሽ
ሃርመን